ሦስተኛው ግፍ ነው

ሰኢዶ ሆዴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ወሬ ጠፍቶ አይደለም፤ ወሬው ክፉ ስለነበረ ነው። አሁንም ክፉ ነው፤ ግን ካለፈ በኋላ የሚወራ ክፉ ስለሆነ ትንሽ ይሻላል።

አንተ ረጅም መግቢያ አትወድም፤ እንዲያው በቁሙ ልንገርህ። ከሞትክ በኋላ እናትህ ረገመችህ። አትደንግጥ፤ በሕይወት ያለህ መስሏት ነው። በአረፋ ማግስት፣ ሰመራ፣ እህትህ ዘምዘም በረንዳ ላይ እጇን ወደ ሰማይ አንስታ «ጡቴ ይፋረደው» አለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሻይ እያማሰልኩ ነበር። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ ቆይቷል፤ እኔ ግን ማማሰሌን አላቆምኩም። አንተን ልንጠብቅ ስንል ይሁን እሷን፣ የሆነ ሰው ልንጠብቅ ስንል የሠራነው ሥራ ነው እዚያ ያደረሰን። ሁሉንም በየተራው እነግርሃለሁ። መጀመሪያ የቤቱን ላስቀድም፤ ደብዳቤ ወጉ እንደዚያ ነው፣ ክፉው ደግሞ የትም አይሄድም።

ቤቱ እንዳለ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎም እንዳለች ናት። የድሮው ባቡር ጣቢያ ዛሬም ባቡር የሚመጣ ይመስል ተጠርጎ ይጠብቃል። አልጋ ቤታችን የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችን ያስተኛል፤ ረዳቶቻቸው መኪናው ሥር ይተኛሉ። ከግድግዳው ማዶ የሚያንኮራፋው ማን እንደሆነ አሁን ሳልሳሳት እለያለሁ፤ አንተ ወፍን በድምጿ እንደምትለየው። ጥቅሙ ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እኔም ያንተን ጥቅም ጠይቄህ አላውቅም።

ወፍ የምታይበት ባይኖኩላርህ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። የመብራት ቆጣሪው ሳጥን ላይ አንዲት ወፍ ጎጆ ሠርታለች። አንተ ብትኖር ዋነስ መሆን አለመሆኗን፣ ከየት እንደመጣች፣ ምን ያህል ዘመድ እንዳላት እያስረዳህ ሻዬን ታቀዘቅዝብኝ ነበር። እኔ «እርግብ» ብዬ ትቻታለሁ። እንደሚያናድድህ አውቃለሁ። ካናደደህ ተነስና አርመኝ።

ተሳፋሪ ትራስ ሥር ረስቶት የሚሄደውን መጽሐፍ ማንበቤንም አልተውኩም። ዘንድሮ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ሂሳብ አያያዝና መጨረሻው ስለተቀደደ ፍቅር አንብቤያለሁ። ስለ ሐዘን የተጻፈ መጽሐፍ ግን እስካሁን ማንም አልረሳልኝም። ሰው እሱን ይዞት ነው መሰለኝ የሚሄደው።

አሟሟትህን ደግሞ እስከ መጨረሻው ስላላየኸው ልንገርህ። የነገረኝ የመኪናችሁ ሹፌር ነው፤ የእንግዶቹን ውሃ ተሸክሞ ከኋላችሁ ነበር። ጠዋት ነው፣ ሀረና ጫካ ውስጥ። ፈረንጆቹን በሰልፍ አስቁመሃል። የምታሳያቸው እነዚያን ከአገራችን በቀር የትም የማይገኙትን ግራጫ ወፎች ነው፤ ባልየው ሲያዜም ሚስትየዋ ከማዶ የምትቀበለው፣ አንተም ስማቸውን ትተህ «ባልና ሚስት» የምትላቸው። የወፍ ዜማ የምታጫውትበትን ስፒከር ቁጥቋጦ ሥር አስቀመጥክ። ጣትህን ከንፈርህ ላይ አድርገህ «ዝም በሉ፤ ማንም እንዳይንቀሳቀስ፤ አሁን ይመጣል» አልካቸው። ከዚያ ትልቁን ኮሶ ተደግፈህ ቁጭ አልክ። ልብህ የቆመችው እዚያ ነው።

እነሱ ግን እንግዶች ናቸው፤ አስጎብኚ የሚላቸውን ይሰማሉ። አንተ ዝም ስትል እነሱም ዝም አሉ። አንተ አልተንቀሳቀስክም፣ እነሱም አልተንቀሳቀሱም። ሹፌሩ በሥራ ዘመኑ እንደዚያ ቀን አደብ ያለው ቡድን አይቶ እንደማያውቅ ምሎ ነግሮኛል። ባልና ሚስቱም መጡ። ባልየው ከራስህ በላይ ቅርንጫፍ ላይ አርፎ እስኪበቃው አዜመ፤ ሚስትየዋ ተቀበለችው፤ ፎቶ ተነሱ። ወፎቹ ከሄዱ በኋላ ነው ከእንግዶቹ አንዷ በሹክሹክታ «አሁን መንቀሳቀስ እንችላለን?» ብላ የጠየቀችህ። ሁለተኛም ጠየቀችህ።

በኋላ ያንን ፎቶ ላኩልኝ። ወፉ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። አንተ ከኋላው ብዥ ብለሃል። እኔ ዘንድ ያለው የመጨረሻ ፎቶህ እሱ ነው። ከፎቶው ጋር በጣም ጨዋ የሆነ የሐዘን መልእክት አለ። «የሰኢድን ትዕግስት ዕድሜ ልካችንን አንረሳውም» ይላል። ትዕግስት ያሉት መሞትህን ነው።

የዚያኑ ዕለት ደሎ መና ወስደው ቀበሩህ። ከአዋሽ ተነስቼ እስክደርስ ሬሳ አይቆይም፤ የኛ ሃይማኖት አይፈቅድም፣ ፀሐዩም አይፈቅድም። አይተውህ የማያውቁ ሰዎች አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውብህ ቀበሩህ። አላህ ይስጣቸው። እኔ የደረሰኝ ባይኖኩላርህ፣ ስፒከሩና አንድ እግር ካልሲ ነው። ሁለተኛው የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ።

ወደ ክፉው ልምጣ።

የሞትክ ዕለት ዘምዘም ከሰመራ ደወለች። አለቀሰች፣ ስልኩን ዘጋች፣ መልሳ ደወለች። በሁለተኛው ጥሪ ድምጿ ደርቆ ነበር፤ አዛዥዋ እህትህ ተመልሳለች። ያው ታውቃታለህ፤ ሰመራ ውስጥ ከፀሐይ ቀጥሎ የሚፈራው እሷን ነው፤ ሻይ ቤቷ ገብቶ ያልከፈለ ሹፌር ሎጊያን አያልፍም ይባላል። «እማ እንዳትሰማ» አለችኝ። «ዓይኗ ጠፍቷል፣ ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሙ ድንጋጤ አይስማማትም ብሏል።» ድንጋጤ የሚስማማው ሰው ካለ ሐኪሙ ቢነግረን ጥሩ ነበር። ግን ምን ልበል? የባል ሐዘን ዒዳ ላይ ነኝ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አልወጣም። እናቷ እሷ ቤት ናት። መርዶ ደግሞ በኛ አገር እንደ ቡና ፍሬ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚለቀመው። ትንሽ ትጠንክርና ይነገራታል ተባለ። የምትጠነክርበትን ቀን ግን የወሰነ የለም።

ሰመራ ያለው የወሎ ሰው በሙሉ ሰማ፤ ከሷ በቀር። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት በር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ፣ ከዚያ እየሳቁ ይገባሉ። «እማ ሉባባ፣ እንዴት ነሽ? እንዲያው በዚህ ስናልፍ ነው» ይላሉ። እናትህ ደግሞ እንግዳ ትወዳለች። «ዘንድሮ ምን ተገኘ፣ ሰው ሁሉ በዚህ በኩል ያልፋል» ትል ነበር አሉ። ቀብሩ ላይ ያልተገኘችለት ልጇን ለቅሶ ሳታውቀው በሻይ አስተናገደች።

ስለ አንተ ስትጠይቅስ? ለዚያ ዘምዘም መላ ነበራት። ጫካ ስትገባ ኔትወርክ ስለማይኖር ለእናትህ በድምጽ እየቀዳህ፣ መንገድ ላይ ስትወጣ ትልክላት አልነበር? «እማ፣ ሰኢድ ነኝ፤ ጫካ ነኝ፤ ደህና ነኝ፤ ዱዓ አድርጊልኝ» የምትላት፣ ከኋላህ ወፍ የሚንጫጫበት። ለዓመታት የላክሃቸው ሁሉ ዘምዘም ስልክ ውስጥ ተቀምጠዋል። እናትህ በጠየቀች ቁጥር አንዱን ታጫውትላታለች። እናትህ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትሰማለች፣ «አሚን፣ አሚን» ትላለች፣ ትተኛለች። ዘምዘም በስልክ «ወላሂ፣ ተኝታ አደረች» ስትለኝ ደስ አላት ብዬ እኔም ደስ አለኝ። እንዲህ እያልን ከረምን። ሞተህም ሥራ ላይ ነበርክ።

ብቻ ድምጽም ቁጥር አለው። ዞሮ ዞሮ ያንኑ መደጋገም መጣ። ያስነጠስክበት አንድ አለ አይደል፣ «እማ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል» ያልክበት? እሱ ሲደጋገም እናትህ ተጨነቀች። «የዚህ ልጅ ጉንፋን ምነው አልለቀው አለ? ያቺ ሚስቱ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አታውቅም እንዴ?» አለች። ይኸውልህ፣ የሞተ ባል ጉንፋን ማዳን ባለመቻሌ ታማሁ።

ዘምዘምም የጉንፋኑን ትታ ወደ ኋላ ሄዳ ሌላ ፈለገች። ቸኩላ ነበር አሉ፤ ሻይ ቤቱ ሰው ሞልቶት። መጀመሪያውን ሰምታ፣ ሰላምታው ደህና ስለሆነ፣ መጨረሻውን ሳትሰማ ለእናትህ ከፈተችላት። ምን እንደሚል አንተ ታስታውሳለህ? የዛሬ ሁለት ዓመት የላክኸው ነው። «እማ፣ ኢንሻአላህ ለአረፋ እመጣለሁ። ጉበቱን እንዳትበሉብኝ።»

በዚያ ዓመት መጥተህ ነበር። ጉበቱንም በልተሃል።

የኔ ዒዳ ያለቀው አረፋ ሲቃረብ ነው። ዘምዘም «ቶሎ ነይ፣ ነገር ተበላሽቷል» ስትለኝ ጋሽ ተክሌ ቦቴ ላይ ጋቢና ተሳፈርኩ፤ ከኛ አልጋ ቤት ሌላ የማያድሩት ሽማግሌው ሹፌር። ሰው ምን ይላል የሚለውን ለሰው ትቼ። ገዋኔን አልፈን አዳይቱ ልንደርስ ስንል ዝም ብለው ፍሬን ያዙ። ፊት ለፊታችን ፍየልም ግመልም የለ፤ አንድ የመብራት ምሰሶ ብቻ። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። «ልማድ ነው ልጄ» አሉ። «ባልሽ እዚህ አስፋልት መሃል ተገትሮ ያቺን ምሰሶ ሲያይ ስንት ጊዜ ሊያስገድለኝ ነበር። ጥሩምባ ብነፋበት 'ጋሼ፣ ቀስ፣ ትበርራለች' ይለኛል! እኔ አርባ ሺህ ሊትር ናፍጣ ይዤ፣ እሱ ስለ ጭልፊት!» ከዚያ ሳቁ፤ ከዚያ እንባቸውን እንዳላይ መስታወቱን ወደ ውጭ አዞሩ። እዚያ ምሰሶ ላይ ዛሬም አንድ ነገር ተቀምጦ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ጭልፊት ነው ብዬልሃለሁ።

ሰመራ ስደርስ እናትህ ፊቴን በእጇ ዳሰሰችኝ። «ከሳሽ» አለች። «ባልሽ ከሚስት ይልቅ ወፍ ይቀልባል መቼም።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እንደ ትልቅ ምስጢር፣ «ለአረፋ ይመጣል፤ ራሱ ነግሮኛል» አለችኝ። ዘምዘም ከበስተኋላዋ ቆማ መሬት ታያለች። ሰመራ ውስጥ በዚያ ወር የመሬቱን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ሰው ወደ ታች የሚያየው በጣም ሲያፍር ብቻ ነው።

አረፋ መጣ። በግ ታረደ። እናትህ ነጭ ሻሿን ጠምጥማ በር በሩን በጆሮዋ እያየች ዋለች። መኪና በቆመ ቁጥር ትነሳለች። ጉበቱን ማንም እንዲነካ አልፈቀደችም፤ «የሰኢድ ነው» ብላ በሳህን ከድና አጠገቧ አስቀመጠችው። እኛ መብላት አቃተን፣ እሷም አንተ እስክትመጣ አልበላም አለች። ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጠው ስላት «ደርሶ ቀዝቃዛ ልታበይው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ዓይኗ አያይም፤ አፍንጫዋ ግን ደህና ነው። ወደ ማታ ሳህኑን ራሷ ገፋችው። አለመምጣትህን የነገራት ሽታው ነው።

እንግዲህ በማግስቱ ነው ያ የነገርኩህ እርግማን። ብትጮህ ይሻል ነበር። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ አላህን አጠገቧ እንዳስቀመጠች ነው የተናገረችው። «በጤናው ነው። ድምጹን እሰማለሁ፤ ይስቃል። ወፍ ሲጠራው ይሄዳል፣ እናቱ ስትጠራው አይመጣም። ጡቴ ይፋረደው። አላህ ልጅ ይስጠውና እንዲህ ይርሳው።» ልጅ እንዳልሰጠን ረስታው አይደለም። ሰው ሲራገም ራሱ ካለው ቁስል ላይ ነው የሚመርጠው።

እንደምታውቀኝ በእርግማን የማምን ሰው አይደለሁም። ስለ ንብ እርባታ ያነበበ ሰው ነኝ። ግን አንተ እዚያ ደሎ መና ከአፈር ሥር፣ ምንም ሳታውቅ፣ መልስ መስጫ አፍ ሳይኖርህ፣ የወለደችህ ሴት ወደ ሰማይ ስትከስህ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። የሌለን ሰው ይከስሱታል፤ ጠበቃው ደግሞ እኔ ነኝ፣ አፌ ሻይ ይዟል። እንዲያ ሆና ብትሞትስ? ያንተን ሐቅ ማን ያስመልሳል? ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ዘምዘም በበኩሏ የምታውቀውን መላ አመጣች። ልታረጋጋት ብላ ሌላ መልእክት ከፈተች። ከጫካ የላክኸው ነው፤ ከአንተ ድምጽ ቀድሞ የነዚያ ባልና ሚስት ዜማ ይሰማል። እናትህ ልክ ስትሰማው አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘመም አደረገች። ስልኩን ከዘምዘም እጅ ወስዳ ገለባበጠችው። ጣቷን ድምጹ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አሳለፈች፣ ጀርባውን ዳበሰች፣ ከዚያ እንደገና አንገቷን ዘመም። ያንን አኳኋን የት አይቼው እንደማውቅ ወዲያው ገባኝ። ሀረና።

ያንን ጉዞ ታስታውሳለህ፤ ወጥ ሠሪያችሁ ወልዳ እኔን የወሰድከኝ። ከሳነቴ ቁልቁል ስንወርድ ጉሙ መኪናዋን ዋጣት። እኔ የአዋሽ ሰው ነኝ፤ ለኔ ዛፍ ማለት ልብስ የሚቀድድ ነገር ነው። እዚያ ዛፉ ሁሉ ጢም አለው፤ ሽማግሌዎች ለእርቅ የተሰበሰቡ ይመስላል። ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ታስኬደናለህ። ደማቅ ልብስ አይለበስም፣ ቅርንጫፍ አይረገጥም፣ በጣት አይጠቆምም፤ አቅጣጫ የሚነገረው በሰዓት ነው። «ሦስት ሰዓት ላይ!» ስትል ፈረንጆቹ ወደ ቀኝ ይዞራሉ፣ ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል። እኔ በሁለት ሹራብ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ የምግብ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ ባሌ ስንት ዓመት ሙሉ «ሥራ ሄድኩ» የሚለኝ ይሄን ነው እንዴ እላለሁ።

ከዚያ ስፒከሩን ከፈትክ። የወንዱ ዜማ ወጣ። ወዲያው ከቁጥቋጦው ባልየው መጣ፤ ላባው ቆሞ፣ ማን ነው ቤቴ የገባው ብሎ። ሚስቱ ከማዶ ትጠራዋለች። እሱ ስፒከሩ ላይ አረፈ፤ አንገቱን ዘመም አድርጎ ቀዳዳዎቹን ተራ በተራ አያቸው፤ ጀርባውን ዞሮ አየ፤ መልሶ ቀዳዳውን። ሁለተኛ አጫወትክ። ቅጠል ሥር ሳይቀር ፈለገ። አንዱ ረጅም ፈረንጅ ፎቶው ስለተበላሸበት «አንዴ ብቻ ጨምርልኝ» ብሎ ለመነህ። አንተ ስፒከሩን ዘግተህ ቦርሳህ ከተትከው። በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቅከው፣ በአማርኛ ሰደብከው። ማታ ወጥ እያማሰልኩ ምነው ብታጫውትለት ስልህ እንዲህ አልከኝ፦ «አንዴ ለመጥራት፣ አንዴ ለማሳየት። ሦስተኛው ግፍ ነው። የሌለ ጠላት ሲፈልግ ይውላል፤ አይበላም፣ ጎጆውን ይተዋል። ውሸት ለወፍም ልክ አለው።»

ውሸት ለወፍም ልክ አለው። እኛ ለእናትህ ስንተኛችን ላይ ነበርን?

ስልኩን ከእናትህ እጅ ተቀብዬ ዘምዘምን ወደ ጓዳ ጎተትኳት። «መርዶው ነገ ይነገራል» አልኳት።

«ልትገያት ነው?»

«እየገደልናትማ ነው፤ አንቺ በስልክ፣ እኔ በሻይ።»

«ሐኪሙ ልቧ ደካማ ነው ብሏል እኮ፣ ከዲጃ!»

«ልቧ አለ እንጂ ጆሮዋ አላለም። እትዬ ዘምዘም፣ ወንድምሽን እየረገመችው ነው።»

ዘምዘም ዱቄት ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዘው ነገር አጣች። «እኔ የፈራሁት ብትሞትብኝ ብዬ ነው» አለች፤ «አንድ ሞቶብኝ አንድ ልጨምር?» አቀፍኳት። ላቧና እንባዋ አይለይም ነበር። ከዚያ ተነስታ ሸህ ኡመር ዘንድ ራሷ ሄደች። ሸሁ ነገሩን እስከ ዛሬ ሳያውቁ የቀሩ እንዳይመስልህ፤ በር ላይ አልቅሰው እየሳቁ ከገቡት አንዱ እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ከሱብሂ ሰላት በኋላ መጡ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ጎረቤት ያሉት አፋሮችም መጥተዋል። ጫማቸውን በረንዳው ላይ አወለቁ። እናትህ መስገጃዋ ላይ እንዳለች ሙስበሃዋን መቁጠር አቆመች።

«በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ወይ ሌባ ነው ወይ መርዶ ነው» አለች። «ሌባ ደግሞ ጫማውን አያወልቅም። የማን ነው?»

ሸህ ኡመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እማ ሉባባ፣ የሰጠ አላህ ነው፣ የወሰደም...»

«ሰኢድ ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

«መቼ?»

«ጥር ላይ።»

ሙስበሃውን አንድ ሁለት ቆጠረችና፣ ያንን የተዘመመ አንገቷን ቀና አድርጋ «ከአረፋ በፊት?» አለች።

«ከአረፋ በፊት» አሏት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች እናትህ። ፊቷ በራ፤ ወላሂ በራ። «እኔ'ኮ የረሳኝ መስሎኝ ነበር።»

ሸህ ኡመር ለድንጋጤ የሚሆን ቃል አዘጋጅተው ነበር፣ ለልቅሶ የሚሆንም። ለዚህ የሚሆን አልነበራቸውም። አንዲት እናት ልጇ ሞቶ በመገኘቱ ስትደሰት አርባ ሰው በባዶ እግሩ ቆሞ አየ።

ደስታው አልቆየም። ለቅሶው መጣ፤ የስንት ወር ጠቅላላ፣ ባንድ ጊዜ። እሱን አልጽፍልህም። ብቻ መሃል ላይ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ «ያ አላህ፣ ያኔ የነገርኩህን መልስልኝ፤ አሳስተውኝ ነው። ጡቴን አውፍ ብየዋለሁ፣ ይቅር ብየዋለሁ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አውፍ» አለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ይህንን ልነግርህ ነው ይህ ሁሉ ወረቀት። ነጻ ነህ ሰኢዶ። ተከሰህ ነበር፣ ነጻ ወጥተሃል።

እርግማኑ ግን ተነስቶ ባዶ አልቀረም፤ ለኔና ለእህትህ ተከፋፈለ። «እናንተን፣ ልጄን ሞቶም ያስረገማችሁኝን፣ አላህ ይፍረድባችሁ» አለችን። አሚን አልን። ሌላ ምን እንላለን? ልቧን በተመለከተ ደግሞ፣ እነሆ ከሁላችን የጠና ልብ ሆኖ ተገኝቷል። ዘምዘም ግፊት ጀምሯታል፣ እኔ ጨጓራ። እናትህ ምንም አልሆነችም።

ለቅሶተኛ ሲያልቅ «ስልኩን አምጡ» አለች። ዘምዘም ያንን የአረፋውን ከፈተችላት። «ኢንሻአላህ ለአረፋ እመጣለሁ» አልክ። ሰማችው። «ድገሚው» አለች። ተደገመ። ዘምዘም ሳትጠየቅ ለሦስተኛ ልትነካው ስትል እናትህ እጇን ያዘቻት። ያንተን ደንብ ማንም አልነገራትም። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና፣ ቅርብ ላለ ሰው እንደሚነገር፣ «አይ ልጄ፣ አንተ አትመጣም፤ እኛው ነን የምንመጣው» አለች።

አሁን አዋሽ እኔ ጋ ናት። ይቅርታ አላደረገችልኝም፤ ምግብ ግን ትበላለች፣ ጨው አነሰው እያለች። ጠዋት በረንዳው ላይ ትቀመጥና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ወፍ ትሰማለች። «ምንድን ናት?» አለችኝ አንድ ቀን። «እርግብ» አልኳት። «አይደለችም» አለች። ያንተ እናት መሆኗን ያኔ በደንብ አመንኩ።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ይዣት እመጣለሁ። ያው ሹፌርህ ነው የሚወስደን። ሳነቴን እንወጣለን፣ በጢማሞቹ ዛፎች መሃል እንወርዳለን፤ ያ ኮሶ ጋ ስንደርስ ትንሽ እናርፋለን፣ ከዚያ ደሎ መና መቃብርህ ላይ ከቁርኣን ፋቲሓ እንቀራለን። እናትህ ጫካው ምን ይመስላል ብላ ትጠይቀኛለች፤ ብርድ ነው፣ ሌላውን ትሰሚዋለሽ እላታለሁ። አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ በዚህ ቤት ስለ መርሳት ብዙ ተባለ። ባይኖኩላርህን እይዛለሁ፣ አንዱን ካልሲህንም እይዛለሁ። ስፒከሩን ግን እቤት ትቼው ነው የምመጣው። እናትህና እኔ ኮሶው ሥር ዝም ብለን እንቀመጣለን። ባልና ሚስቱ ከመጡ ይመጣሉ።

ከዲጃህ
አዋሽ ሰባት ኪሎ